አሥራ ሦስተኛው መሳቢያ

በሰላ ድንጋይ አፋፍ፣ ከብቱም አራዊቱም በአንድ ሸንጎ ይቀመጡ በነበረበት ዘመን፣ አንድ የጋራ ጎተራ ነበር። ጎተራውን የወለደው ውርጭ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብሱ ሊደርስ ሲል በጥቅምት ሌሊት ውርጭ ይወርድና የአንዱን ማሳ አጥቁሮ የጎረቤቱን ይምረዋል። የሚተርፈው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ተማማሉ፤ ያገኘ ያስገባል፣ ያጣ ያወጣል፣ ያወጣው ሲያገኝ ይመልሳል።

ሒሳቡን የሚይዘው ፍልፈል ነበር። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ቅል አለው፤ አንድ ቁና ገብስ ሲገባ አንድ ጠጠር ይጥላል፣ ሲወጣ አንድ ጠጠር ያነሣል። አባሉ ጥቂት ሳለ ይህ በቂ ነበር። የጎተራው ወሬ እየራቀ ሲሄድ ግን ከሞላሌ በኩልም ከደብረ ሲና በኩልም አባል መጣ፤ ቅሉ በዛ። አንድ ክረምት ጎርፍ ከፍልፈል ጉድጓድ ገብቶ ጠጠሩን ሁሉ ደባለቀው። በዚያ ዓመት ያላስገባው ወሰደ፣ ያስገባው ባዶ እጁን ተመለሰ። በግና ፍየል ተኳረፉ፤ በሬና ፈረስ በአንድ ምንጭ መጠጣት ተዉ። ሸንጎው የቁጥር ሣጥን እንዲገዛ የወሰነው ከዚህ በኋላ ነው።

ሣጥኑን ያመጣው ቁራ ነው። ቁራ ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ የሚመላለስ ነጋዴ ነበር። ሣጥኑ በሩቅ አገር የተሠራ፣ ከጠንካራ እንጨት የታነጸ፣ 12 መሳቢያ ያለው ነው። ገብሱ ሲገባ ወይም ሲወጣ የአባሉን ስም ነግረው የወሩን መሳቢያ ሲስቡት ቀሪውን ያወጣል። አይረሳም፣ አያዳላም፣ ጎርፍ አይደባልቀውም። ጥሩ ሣጥን ነበር፤ ስለ ጉድለቱ የሚናገር ሁሉ ይህን ዘሎ ካለፈ ፍርድ ያጓድላል። ከመስከረም ጀምሮ ከጎተራው ደጃፍ ጠብ አልተሰማም። በግና ፍየል ታረቁ። ፍልፈልም ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሊቱን ተኝቶ ማደር ጀመረ።

ጉድለቱ የታወቀው በጳጉሜን ነው።

ሣጥኑ በተሠራበት አገር ዓመቱ 12 ወር ነው። በነሐሴ 30 ማግስት አህያ ወላጅ ለሌላቸው ግልገሎች ገብስ ልታወጣ ስትመጣ ፍልፈል የሚስበው መሳቢያ አጣ። ጳጉሜን ደግሞ ቀላል ወር አይደለችም። የአምናው እህል ያለቀባት፣ የዘንድሮው ያልደረሰባት፣ ከጎተራው ገብስ በብዛት የሚወጣባት ናት። ፍልፈል ጨነቀው። ግማሹን በነሐሴ ቆጠረው፣ ግማሹን ወደ መስከረም አሳለፈው። ነሐሴ ከልኩ በላይ በላ ተባለ፤ መስከረምም ገና ሳይጠባ ዕዳ ተሸከመ።

አንዱ ሲገለጥ ሌላውም ተከትሎ ወጣ። ለካ በሰኔ የበልጉ ገብስ ሲገባ ሣጥኑ አልቀበልም ብሎ ኖሯል፤ መከር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ነው የተሠራው። ፍልፈል የበልጉን ገብስ በኅዳር ከመኸሩ ጋር ሊያስመዘግበው ጥግ ላይ ከምሮ አስቀምጦት ነበር። በስምም በኩል እንዲሁ። ሣጥኑ የመጨረሻውን ስም የቤት ስም አድርጎ ይይዛል፤ እኛ አገር ግን የመጨረሻው የአያት ስም ነው። አያታቸው ቡሬ የሚባል ሁለት በጎች፣ አንዱ ከሞጃ አንዱ ከወደራ፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው የማያውቁ፣ የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ተመዘገቡና የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ዋለ። በሬ ደግሞ ወንፈሉ እንዳልተቆጠረለት አመለከተ፤ ለጎረቤቱ ያረሰው ቀን በሣጥኑ ውስጥ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሸንጎውን ሹማምንት ያስቆጣው ግን የኮቴው ነገር ነው። በሕጉ መሠረት አንድ ቁና ገብስ ከጎተራው ለመውጣት የ7 ሹማምንት ኮቴ በጭቃ ሰሌዳ ላይ መታተም ነበረበት። ሣጥኑ የሚጠይቀው 2 ብቻ ነው፦ የሚያወጣውንና የሚጠብቀውን። ለቀሩት 5 ቦታ የለውም። ሹማምንቱ ይህን ከጳጉሜን ጉድለት ጋር በአንድ መስመር አስጻፉት።

አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው ይህን ቢሰማ እንስሳቱን በስም ይለያቸዋል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ሠራተኛው ደመወዝ የሚቀበለው 12 ጊዜ ነው፤ ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ ሳይኖራት በመሐል ትመጣለች። ከውጭ የተገዛው ሶፍትዌር በዚህ መሐል ይቆምና የማናውቀውን የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። ክፍተቱ በየቢሮው አለ። የሚለያየው ክፍተቱን ለመሙላት የሚመረጠው መንገድ ነው፤ ሸንጎው በመስከረም ከኮሶው ዛፍ ሥር የተሰበሰበውም ለዚሁ ነበር።

ፈረስ ሊቀመንበር ነው፤ ቀድሞ ተናገረ። «ይህ ሣጥን በትልልቅ ገበያዎች ሁሉ ይሠራበታል» አለ። «እነሱ በ12 ወር ከኖሩ እኛስ ምን ይጎድልብናል? ጳጉሜንን ከነሐሴ እንደባልቃት። የበልጉንም ገብስ መዝራት እንተው።» ፈረስ ክፉ አልነበረም። ሣጥኑ የተገዛው በእሱ ፊርማ ነው፤ የአገር ገብስ አባከነ እንዳይባል ፈራ። በዚህ ፍርሃት ስንት መሥሪያ ቤት የገዛ ሥራውን ለሣጥን ብሎ እንዳጣመመ የሠራበት ያውቀዋል።

አያ ጅቦ ተነሣ። «ለእኔ ተዉልኝ። ሆዱን ከፍቼ በጥርሴ እንደምትፈልጉት እጠርበዋለሁ።» ዋጋው በየጥርቡ አንድ አጥንት ነው። ሸንጎው ሊስማማ ሲል ቁራ ክንፉን አነሣ። «ቆዩ እንጂ» አለ። «የዚህ ሣጥን ሠሪዎች በየጥቂት ዓመቱ የተሻለ መሳቢያ ይልካሉ። ሆዱ አንዴ ከተጠረበ የሚመጣው መሳቢያ አይገጥመውም። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ የጅቦ እንጂ የእናንተ አይሆንም፤ በተበላሸ ቁጥር እሱን ትጠራላችሁ።»

ቁራ እውነቱን ነው፤ እኛም በፊደላችን አይተነዋል። ግዕዝን ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት ቀደምት ባለሙያዎች ለላቲን በተሠራው ሰንጠረዥ ላይ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ፊደሉን ቀርጸው አስገቡት። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ክፍተቱ ለሁሉም የተዘጋው በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ሲያገኝ ነው። የተለወጠው የእያንዳንዱ ሣጥን ሆድ ሳይሆን ሣጥን ሠሪዎች ሁሉ የሚጋሩት ልክ ነበር።

እመት ጦጢት የራሳችንን ሣጥን ከባዶ እንሥራ አለች። ጦጢት ብልህ ናት፤ አትዋሽም። አገር የራሱን ሣጥን መሥራት እንዲችል የምትመኘውም ከልቧ ነው፤ እኔም ምኞቷን እጋራለሁ። ብቻ ፍልፈል «እስኪያልቅ ድረስ ግልገሎቹ በምን ይቆጠራሉ?» ብሎ ሲጠይቃት መልስ አልነበራትም።

እመት በጊት ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ «ምን ያስጨንቃል? ሣጥኑ የማይዘውን ነገር ከጎኑ በትንሽ እንቅብ እንያዝ» አለች። ይህ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ስለዚህም ሳይወሰን ተጀምሮ ነበር። ፍልፈል ለጳጉሜን አንድ እንቅብ አስቀምጧል። በሬ ለወንፈሉ አስቀምጧል። በጎቹ ለስማቸው፣ ሹማምንቱ ለኮቴያቸው አስቀምጠዋል። በመስከረም አጋማሽ ጎተራው በእንቅብ ተሞልቶ መተላለፊያ ጠፋ፤ የአንዱ እንቅብ ቁጥር ከሌላው አይገናኝም። ሣጥኑ መሐል ላይ ተከብሮ ቆሟል፣ እውነቱ ግን በእንቅቦቹ ውስጥ ነው። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ሥርዓት ባለበት ቢሮ ውስጥ ትክክለኛው ቁጥር የአንዲት ሠራተኛ ኤክሴል ላይ ብቻ ሲገኝ ያየ ሰው በበጊት ላይ አይፈርድም። የዕለቱን ሥራ ያስኬደው የእሷ እንቅብ ነው። ግን ያቺ ሠራተኛ የታመመች ቀን ምን እንደሚሆን አብሮ ያስብ።

በዚያ ሸንጎ ከመንዝ ጓሳ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ቀይ ቀበሮ። እንዲናገር ተጋበዘ። «በእኛ አገር ሣሩ የሚጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነበር» አለ። «ሽማግሌዎቹ ጓሳውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም አያግጥም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ለክዳንም ለከብትም ይበቃል። ሥርዓቱ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። ኋላ አዲስ ሕግ መጣ። ሕጉ መሬትን ለሁሉ ማካፈል ያውቃል፤ ዘግቶ ማቆየት ግን በውስጡ የለም። ቄሮው ፈረሰ። ሣሩ ሳሳ፣ እኛም ተመናመንን።» የሚናገረው ስለ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ጭሰኛውን ነፃ ያወጣ፣ ብዙ በደል የሻረ ነበር፤ ጓሳን የመሰለ የጋራ መሬት ግን በልኩ አልተሰፋለትም። «በኋላ» አለ ቀበሮ፣ «ነዋሪው ተመካክሮ በአዲሱ ሕግ ውስጥ የሚቆም የራሱን ሸንጎ አቋቋመና ሣሩን እንደገና ዘጋው። ጓሳ ዛሬ ያለው በዚያ ነው።»

ሸንጎው ዝም አለ። ከገደሉ ጫፍ ሣር ስትነጭ የቆየችው እማማ ጭላዳ ያን ጊዜ ቀና አለች።

«ሁላችሁም ስለ ሣጥኑ ተናገራችሁ» አለች። «ገብሱን ከጎተራው ተሸክሞ የሚያወጣው ማነው?»

«አህያ ናት፣ እማማ» አለ ፈረስ።

«የት አለች?»

«ከጎተራው ደጅ ቆማለች። የሰባተኛውን ኮቴ እየጠበቀች ነው።»

«ሰባተኛው የማን ነው?»

ፈረስ መሬት መሬት አየ። «የእኔ ነው።»

አህያ ከነጭነቷ ተጠርታ መጣች። በሸንጎ ተናግራ አታውቅም፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ቆመች። ጭላዳ ቀርባ ከጭነቱ አንዱን ወገን ደግፋላት ጠየቀቻት። «ልጄ፣ ጳጉሜን በሣጥኑ ባትቆጠር ምን ይቀርብሻል?»

«እኔ ምንም አይቀርብኝም። ግልገሎቹ ናቸው የሚቀርባቸው። ጳጉሜንን እኛ ብንተዋት እሷ አትተወንም፤ ረኃቡ በቀኑ ይመጣል።»

«የሰባቱ ኮቴ ቢቀርስ?»

አህያ ፈረስን አየችው፤ ከዚያም ጭላዳን አየቻት። «ቶሎ እደርሳለሁ» አለች።

ከሹማምንቱ መሐል ጉርምርምታ ተነሣ። ኮቴው የተደነገገው ሌባን ለመከላከል ነው አሉ። ጭላዳ ወደ ፍልፈል ዞረች። «ሌባ ገብቶ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ፣ እማማ። ሰሌዳውን አስቀምጬዋለሁ። ሰባቱም ኮቴ አለበት።»

እኔ ይህን ተረት የምናገረው ለዚህች ቦታ ስል ነው። ጳጉሜንና ሰባቱ ኮቴ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ቀለም፣ «ሣጥኑ የማይችላቸው» ተብለው ተጽፈው ነበር። አንዱ ግን ከሰማይ የመጣ ነው፤ ፀሐይና ዝናብ ያወጡት ልክ ነው፤ ሣጥኑ ለእሱ መታዘዝ አለበት። ሌላው በፍርሃትና በማዕረግ የተከመረ ልማድ ነው፤ በዚህስ ልክ የነበረው ሣጥኑ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የሣጥን ባለሙያ አይደለም፣ ሊቀመንበርም አይደለም። ጭነቱ ጀርባው ላይ ያለበት ነው።

የበልጉ ነገር ሲነሣ አህያ ጥቂት ደፈር ብላ «የበልጉ አይቸግርም» አለች። «እንዲህ ያለ ሣጥን በሌላ ገበያ አይቻለሁ። ከጀርባው ሁለተኛ ክዳን አለው፤ ለሁለተኛ መከር ይከፍቱታል።» ሁሉም ወደ ጎተራው ሮጡ። ሣጥኑ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ኖሯል። ሲያዞሩት ክዳኑ አለ፤ አቧራ እንኳ አልነካውም። ቁራ ሣጥን ይሸጣል እንጂ በሣጥን አይሠራም፤ ክዳኑን አያውቀውም ነበር። እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ክዳን አለ። በከተሞቻችን እጅግ የተለመደው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ዓመቱን እስከ 13 የሒሳብ ወቅት ለመክፈል ያስችላል። ለጳጉሜን ታስቦ አይደለም፤ ዓመቱን በአራት አራት ሳምንት ለሚከፋፍሉ ድርጅቶች ነው። ቦታው ግን አለ። ክፍተት ነው ተብሎ ሊጠረብ ወይም ሊጣል የተፈረደበት ስንቱ ነገር ጀርባውን ቢያዞሩት ክዳን ይገኝበት ነበር።

ለስሙ መላ የሰጠው ቀይ ቀበሮ ነው። እያንዳንዱ አባል በጆሮው ላይ የራሱ ምልክት ይኑረው፤ ስሙ እንደ ቀድሞው በአባትና በአያት ይጠራ፣ ሣጥኑ ግን ምልክቱን ይያዝ አለ። ዛሬ የፋይዳ ቁጥር የያዘ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

በሬ ወንፈሉን ያዘ። «እኔም ይቆጠርልኝ፤ ያረስኩት ቀን ከገብስ ያንሳል?»

«አያንስም» አለች ጭላዳ። «ያረስክለት ሳያርስልህ ቀርቶ ያውቃል?»

በሬ ረዘም አድርጎ አሰበ። «አያውቅም።»

«እንግዲያው ምኑን እንቆጥረዋለን? ወንፈል የቆመው ሳይቆጠር ነው።» በሬ እንቅቡን ይዞ ወጣ። ብዙዎች ጭላዳ እዚህ ላይ ተሳስታለች ይላሉ፤ ሁሉ ነገር ይመዝገብ ይላሉ። እኔ ከጭላዳ ጋር ነኝ። ሰው በመተማመን የሚያኖረውን ነገር በሣጥን ሲያስገቡት የሚጠፋው መተማመኑ ነው።

ለጳጉሜን ቁራ አናጢ አመጣ። የሣጥኑ ሆድ አልተነካም፤ አሥራ ሦስተኛው መሳቢያ ከውጭ በኩል በችካል ተንጠልጥሎ ከእጀታው ጋር ተያያዘ። አዲስ ክፍል ከሩቅ አገር ቢመጣ ችካሉን ነቅሎ መልሶ መትከል ይቻላል። አምስት ክፍል ነበረው፣ ለአምስቱ ቀን።

የከበደው የኮቴው ነበር። አምስት ሹማምንት ማተሚያቸውን አስረክቡ ተባሉ፤ አንዱም አልተነሣም። ክብራቸው እዚያ ሰሌዳ ላይ ነው። የኮቴያቸውን ምልክት ልጆቻቸው ሲያዩት ይኮሩ ነበር፤ ይህን አቅልሎ ማየት አይገባም። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ሳለ ፈረስ ተነሣና እግሩን ከሰሌዳው ላይ አነሣ። «የመጀመሪያው የሚቀረው የእኔ ይሁን» አለ። «ዛሬ ጠዋት የግልገሎቹ ገብስ የዘገየው በእኔ ነው።» ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉት። ሁለቱ በፈቃዳቸው፣ ሁለቱ እያጉረመረሙ።

የማቴዎስ ዘመን አለፈ። የማርቆስም አለፈ። ጳጉሜን በመጣች ቁጥር አምስቱ ክፍሎች ይሞላሉ፤ ሒሳቡ ከሽራፊ ቁና በቀር ተካከለ። የሉቃስ ዘመን ሲያበቃ ግን ጳጉሜን ስድስት ሆነች። አህያ በስድስተኛው ቀን ስትመጣ ፍልፈል መሳቢያውን ሳበ፤ ስድስተኛ ክፍል የለም።

አያ ጅቦ ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል። ያኮረፉትን ሁለቱን ሹማምንት አስከትሎ መጣና «ሣጥኑን ጣሉት፤ ኮቴውን መልሱ» አለ። ቁራ ተጠራ። «አምስት ቀን አላችሁኝ፤ አምስት አሠራሁ» አለ፤ እውነቱን ነው። ፈረስም «የመረመርነው ዓመት አምስት ነበረው» አለ፤ እሱም አልዋሸም።

«እኔ ስድስቱን አውቅ ነበር» አለች አህያ። አሁን ጆሮዋን አላጠፈችም። «በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ጨምሬ እሸከማለሁ። ያን ቀን ግን እማማ የጠየቁኝ ጳጉሜን ብትቀር ምን ይቀርብሻል ብለው ነው። ስንት ቀን ናት ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

ጭላዳ ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነሽ፣ ልጄ። የጎደለው እኔ ዘንድ ነው። ሌላስ ያልጠየቅንሽ ምን አለ?»

ፈረስ ሸንጎው ከኮሶው ዛፍ ሥር ተነሥቶ ወደ ጎተራው ደጅ እንዲዛወር አዘዘ፤ ፍልፈል ጭነቱን አራገፈላት። ቁራ ብራናውን ዘረጋ። አህያ ከበልግ አልባው ዓመት ጀመረች፤ ዝናቡ በየካቲት ቀርቶ ያ ሁለተኛው ክዳን ባዶውን ሲከፈት ሣጥኑ ሁሉንም አባል ባለዕዳ አድርጎ እንደሚጽፍ ነገረቻቸው። ከዚያ ከደብረ ሲና ቁና ጋር ስለማይገናኘው ስለ ሰላ ድንጋይ ቁና ተናገረች። ከዚያ በወሊድ ላይ ስላለች በግ፣ ራሷ መጥታ ማውጣት ስለማትችል። ጅቦ ሰልችቶት ሄደ፤ ከሁለቱ ሹማምንት አንዱ ግን ቀርቶ ያዳምጥ ጀመር፣ ቆይቶም ስለ በጓ ውክልና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። አህያ መለሰችለት። ቁራ ሁለተኛ ብራና አስመጣ።